የቆርኪዎቹ ከተማ

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ ለቡ መብራት ኃይል በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሬ ሳለሁ አንድ ሰውዬ ማዳበሪያ ከረጢት ታቅፎ ገባ። በሩ ገና ሳይዘጋ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ።

«ምንድን ነው የሞተው?» አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴትዮ።

«ዓሣ ነው እናቴ፣ የደረቀ ዓሣ። ከጋምቤላ ተልኮልኝ ነው» አለ ሰውዬው ከረጢቱን ወደ ደረቱ እያስጠጋ።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ለብቻው ወንበር ይፈልጋል» አለ ረዳቱ። «መስኮት ክፈቱ ጎበዝ፣ መስኮት!»

ሁሉም ፊቱን ወደ መስኮት ሲያዞር እኔ ብቻ ወደ ከረጢቱ ዘንበል አልኩ። መካኒሳ ስንደርስ እንባዬ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። አጠገቤ የነበረችው ልጅ «አይዞሽ፣ እኔንም ዓይኔን አቃጠለኝ» ብላ ሶፍት ሰጠችኝ። ምን ልበላት? ያንን ዓመት ለሰው ለማስረዳት ስሞክር ሐዘኑን ልናገር እጀምርና ድንጋጤው ይቀድመኛል። ዛሬም ሳስበው ክው እላለሁ።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። እኔና እማዬ መካኒሳ፣ እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እማዬ ፀጉር ቤት ትሠራ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ የእትዬ አስካለ አደራ ነበርኩ። እትዬ አስካለ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ጾም የማያጎድሉ፣ ምላሳቸው ሚጥሚጣ የሆነ፣ ልባቸው ግን ቅቤ። ያላቸው አንድ ልጅ ብሩክ ብቻ ነው፤ እሱም መርከብ ላይ ሞተር ይጠግናል። «ባሕር የሌለው አገር ወልጄው ባሕር ላይ የሚያድር ልጅ ሰጠኝ» እያሉ ያማርራሉ።

ያ ብሩክ ነው እንግዲህ አንድ ቀን ሚስት ይዞ የመጣው። ለማንም ትንፍሽ አላለም። እትዬ አስካለ በግ አሳርደው፣ ጎረቤት ሰብስበው ልጃቸውን ሲጠብቁ ከታክሲው መጀመሪያ የወረደችው አጭር፣ ጠይም፣ ፀጉሯ እስከ ወገቧ የሚደርስ የፊሊፒንስ ሴት ናት። ሴትየዋ ቀጥ ብላ ወደ እትዬ አስካለ ሄደች፤ እጃቸውን ያዘች፤ ጎንበስ ብላ የእጃቸውን ጀርባ ግንባሯ ላይ አሳረፈችው። እኔ ላቧን የጠረገችባቸው መሰለኝና አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እትዬ አስካለም እሳት እንደነካቸው እጃቸውን ሳብ አደረጉ።

«እማዬ፣ እነሱ አገር ትልቅ ሰው የሚከበረው እንደዚህ ነው» አለ ብሩክ። «ጉልበት እንደ መሳም ቁጠሪው።»

«ጉልበቴን ታዲያ ምን ነካው?» አሉ እትዬ አስካለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። በኋላ ግን ጓዳ ገብተው ያንን እጃቸውን ሲያዩት፣ ገልበጥ አድርገው ሲያዩት አግኝቻቸዋለሁ። ስሟ ሮዌና ነበር። ሳምንት ሳይሞላ እትዬ አስካለ «ሮማን» አሏትና ሮማን ሆና ቀረች። ብሩክ ወደ መርከቡ ሲመለስ እናቱ ዘንድ ትቷት ሄደ። በዚያው ዓመት አንድ ጽንስ ወርዶባት ታማ ተነሣች፤ ብሩክ ለእረፍት መጥቶ ተመለሰ፤ እኔ የምነግራችሁ ወቅት ሲደርስ እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረች።

ከዚያ ዓሣው መጣ። ሮማን ጎፋ ድረስ ሄዳ የዝዋይ ቆሮሶ ገዛች፤ ሆዱን ከፍታ አጠበችው፤ እንደ መጽሐፍ ገልጣ በጨው አሸችው፤ ከዚያ እኛ በርበሬ እንደምናሰጣው የሰርቪስ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አሰጣችው። የመካኒሳ ድመት በሙሉ ግቢያችን ከተመ። ግቢው በር ላይ ሱቅ ያላቸው የስልጤው ሰው ጋሽ ሸምሱ የሞተ አይጥ ፍለጋ ሱቃቸውን ሲያገላብጡ ዋሉ።

«እትዬ አስካለ፣ አይጧን ግን አላገኘኋትም» አሉ ላብ በላብ ሆነው።

«አይጥ አይደለም ሸምሱ» አሉ እትዬ አስካለ ወደ ጣሪያው አንጋጠው፤ «ምራቴ ናት።»

ሲጠበስ ደግሞ ባሰ። ሮማን ግን ጭሱ ላይ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ትጨፍንና በረጅሙ ትስባለች። «እናቴ ሽታ» ትለኛለች። ደነገጥኩ። እናቴ እንዲህ ትሸታለች ብሎ እየሳቀ የሚያወራ ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር። ለካ እናቷ ዓሣ አድርቃ የምትሸጥ ሴት ናት።

ይህን ያወቅሁት ከተማዋን የሠራን ቀን ነው። እኔ ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ የለቀምኩት አንድ ጣሳ ሙሉ ቆርኪ ነበረኝ። አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ስደረድር ሮማን አጠገቤ ተቀመጠች፤ ጠመኔዬን ወሰደችና ሊሾው ላይ ረጅም ጠማማ መስመር ሰመረች።

«ይሄ ባሕር» አለች። በመስመሩ ጠርዝ ላይ እግር ያላቸው ቤቶች ሳለች። «ማታ ባሕር ይመጣል፣ ቤት ሥር። ጠዋት ይሄዳል።»

«የት ነው የሚሄደው?»

«ሥራ» አለችኝ። አመንኳት። ባሕር ጠዋት ሥራ የሚሄድበት፣ ማታ ቤት የሚገባበት አገር እንዳለ ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ነገርኩ።

ከዚያ ሰዎቹን ማስቀመጥ ጀመረች፤ አንድ ቆርኪ፣ አንድ ሰው። አረንጓዴው ኮረብታው ላይ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ደወል የሚደውለው ቄስ ነው። የተጣመመው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ የሚዋጋ አውራ ዶሮውን በብብቱ ሸጉጦ ካልሆነ ገበያ አይወጣም፤ ዶሮውም የራሱ ትንሽ ቆርኪ ነበረው። ሁለቱ ብጫዎች መንትያ እህትማማቾች ናቸው፤ ዘፈን ማዘፈኛ ማሽን ገዝተው ከጠዋት እስከ ማታ ያቺኑ አንድ ዘፈን እየዘፈኑ ከተማውን የሚያሰለቹ። ግራና ቀኝ የቀርከሃ ክንድ ያላቸውን ጀልባዎች የሚቀዝፉት ዓሣ አጥማጆች ደግሞ የቢራ ቆርኪ ሆኑ። መንገዱ ዳር፣ በቀርከሃ ቆጥ ላይ ዓሣ በተሰጣበት ቦታ፣ አንዲት ቀይ ቆርኪ አስቀመጠች።

«እናቴ። ሎሬታ።»

የሎሬታ ነገር ሕግ ነበረው። ማንም ቆርኪ በመንገዱ ሲያልፍ ቆሞ ሎሬታን ሰላም ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ሎሬታ ትሰድበዋለች። ሮማን የእናቷን ስድብ በአገሯ ቋንቋ ስታወርደው በሳቅ እንፈርሳለን። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመጣ ቦርሳዬን ሳላወርድ «ሎሬታ ዛሬ ምን ሸጠች?» እላለሁ። መካኒሳ ከተወለድኩ ጀምሮ የኖርኩበት ሰፈር ነው፤ ግን ያኔ የዚያችን የባሕር ዳር ከተማ ሰዎች የማውቀውን ያህል የሰፈሬን ሰው አላውቅም ነበር።

እትዬ አስካለ ባልዲ ይዘው ሲያልፉ ጠመኔውን ተራምደው «ተነሡ እንግዲህ፣ ባሕራችሁን ልጠርገው ነው» ይላሉ። ግን አይጠርጉትም።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። አዲስ አበባ ኅዳር ሲታጠን እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ፤ በየደጁ ቆሻሻ ይነዳል፣ ሰማዩ ይጠቁራል። እኔ ደጅ ቆሜ እሳት ስቆሰቁስ ሮማን ትልቅ ቦርሳ አንግታ ከቤት ወጣችና ክንዴን ያዘች።

«ማሂ፣ ሩጪ! ላይ! ላይ!»

እትዬ አስካለ ቦርሳውን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ያ ቦርሳ ከመጣች ቀን ጀምሮ ተሞልቶ በሯ ኋላ ተቀምጦ ነበር። ሰፈሩ ያንን ቦርሳ ስንት ቀን እንዳማው እኔ አውቃለሁ፤ «ልትሄድ ነው፣ ቆርጣለች፣ ልብሷን እንኳ አልፈታችም» ሲባል ነው የከረመው።

«ይኸው! ልጄ በሌለበት ጥላኝ ልትሄድ!» ብለው በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«እማማ፣ እሳት! ከተማ እሳት!» አለች ሮማን በሁለት እጇ ሰማዩን እያሳየች።

ነገሩ እስኪገባን ጥቂት ፈጀ። እሷ አገር ቦርሳ ሁልጊዜ በር ኋላ ነው የሚቀመጠው። ያለ ቅዳሴ ሰዓት ደወል ከተደወለ ሰው ሁሉ ቦርሳውን ይዞ ወደ ኮረብታው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ይሮጣል፤ ባሕሩ ተቆጥቷል ማለት ነው። ልትሄድ ሳይሆን ልታተርፈን ነበር ቦርሳዋን ያነሣችው።

«እናትሽም ትሮጣለች?» አልኳት ሲረጋጋ።

ሮማን ሳቀች። «እናቴ? አይሮጥም። መጀመሪያ ዓሣ ይሰበስባል። ሁሉ ሰው ይጮኻል፣ 'ሎሬታ፣ ና!' እሱ ዓሣ ይሰበስባል።»

«የኔ ቢጤ ናት» አሉ እትዬ አስካለ። እሳቸውም ሳቁ።

ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ውስጥ ድምፅ የለም። እማዬ በሥራ ቀን ቤት ናት። ጋሽ ሸምሱ ጣሪያ ላይ ወጥተው የእትዬ አስካለን ቴሌቪዥን ዲሽ ገመድ ይነቅላሉ። እትዬ አስካለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን እንደ ትኩስ ድንች ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያገላብጣሉ። እማዬ አንጠልጥላ ወደ ክፍላችን ወሰደችኝ።

«ስሚ! ለሮማን ስለ ባሕር፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ አገሯ አንዲት ቃል ትተነፍሺና!»

«ለምን?»

«ለጽንሱ ጥሩ አይደለም።»

የሆነውን ኋላ ነው የተረዳሁት። ብሩክ ከመርከብ ለእናቱ ደውሎ ነበር። የሮማንን ከተማ ማዕበል መትቷታል፤ እናቷ ሞታለች። ለነፍሰ ጡር ደግሞ መርዶ አይነገርም፤ ይሄ የማይነካ ሕግ ነው። አምና የወረደው ጽንስ አለ፤ ይሄኛውም ከወረደ እሷም አትተርፍም ብለው ፈርተዋል። ስለዚህ ግቢው በሙሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እስክትወልድ አፉን ሊለጉም ተማማለ። እኔ ግን የራሴን ምክንያት አገኘሁ። እርጉዝ ሴት ያማራትን ካጣች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ሮማን ባሕር ካማራት ከየት ይመጣላታል? አዲስ አበባ ባሕር የለም። ሕፃኑ ግንባሩ ላይ ባሕር ታትሞበት ሊወለድ ነው!

በማግስቱ ሮማን «እግር ለሕፃን ጥሩ» ብላ ለመራመድ ይዛኝ ወጣች። ቤተሰቦቿ ጋ ስትደውል ስልኩ አልገባ ብሏት ስለነበር አስፋልቱ ዳር ካለው ኢንተርኔት ቤት ገባን። ስክሪኑ ላይ ፎቶ መጣ፤ የተሰባበረ እንጨት፣ ጭቃ፣ የቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ የተሰቀለ ክንዱ የተቆረጠ ጀልባ። ፊልም መሰለኝ። ከኋላው ግን ባሕር ነበረ። የተከለከለውን አስታወስኩና ሕፃኑ እንዳያይ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ሆዷ ላይ ጋረድኩበት።

ሮማን ያነበበችውን ደጋግማ አነበበች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ቦርሳዬን ከሆዷ ላይ በቀስታ አንሥታ አስያዘችኝና ተነሣች። ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ስትደርስ ሻማ ገዛች፤ ጋሽ ሸምሱ ሻማውን ሲሰጧት ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም።

ግቢ ስንገባ የማላምነው ነገር ጠበቀኝ። የግቢው ሴቶች በሙሉ በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፤ አንዷ ሽሮ፣ አንዷ ምስር፣ እማዬ የተልባ ፍትፍት ይዘዋል። እትዬ አስካለ የሮማንን ደረቅ ዓሣ በገዛ እጃቸው ጠብሰዋል። በጾም! ዓሣ ይበላል አይበላም ሲባል «ደም ያለው ሁሉ ይቅርብኝ» ብለው ከቄስ ጋር የሚከራከሩት ሴትዮ፣ ያንን የአይጥ ሽታ የተባለለትን ዓሣ ቆርሰው ጎረሱ።

«ነይ ልጄ፣ ብዪ። እኔም ካንቺ ጋር እበላለሁ» አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

ሮማን ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው። ምግቡን አየች፣ የቀላውን ዓይናቸውን አየች፣ ዓሣውን አየች። ከዚያ ከእትዬ አስካለ ጀምራ የሁሉንም እጅ እያነሣች ግንባሯ ላይ አሳረፈች። «አመሰግናለሁ። ሁሉ ሰው፣ አመሰግናለሁ» አለች። በልታ ወደ ክፍሏ ስትገባ ሴቶቹ ጓዳ ገብተው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው አለቀሱ።

«አየሻት? ምንም ሳታውቅ ለሽሮ ታመሰግናለች!» ትል ነበር እማዬ።

ከዚያ ወዲያ በረንዳው ላይ ያለችው ከተማችን ተለወጠች። አንድ ቀን ስመጣ ቆርኪዎቹ አብዛኞቹ ተገልብጠዋል። ድመት የገለበጣቸው መስሎኝ ቶሎ ቶሎ አቃናኋቸው። ሮማን መጥታ ተቀመጠችና እንደገና እየገለበጠች አስተኛቻቸው፤ ቄሱን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ከመንትዮቹ አንዷን።

«ተኝተዋል?» አልኳት።

«አዎ። ተኝተዋል።»

«ዶሮውስ?»

«ዶሮ አለ» አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ። አዲስ የጨዋታ ሕግ ይሆናል አልኩ። ቀይዋ ቆርኪ ግን መንገዱ ዳር የለችም።

ክፍሏ ውስጥ አገኘኋት። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻማው ሥር፣ አጥር ላይ ከተቀጠፈ አበባ አጠገብ ተቀምጣለች። በየከሰዓቱ ሮማን በሯን ዘግታ ሻማውን ታበራና በአገሯ ቋንቋ አንድ መስመር ትላለች፤ እኔ ደግሞ ያስተማረችኝን «ኢፓናላንጊን ሞ ሲያ» ብዬ እቀበላታለሁ። እሷ ሌላ መስመር፣ እኔ ያንኑ። ለሚወለደው ልጅ እሹሩሩ የምታለማምደኝ መሰለኝ። ዜማው ስለጣመኝ ትምህርት ቤት ወስጄ በእረፍት ሰዓት ሱዚ ስንዘል አስዘፈንኩበት። አራተኛ ክፍል በሙሉ «ኢፓናላንጊን ሞ ሲያ» እያለ ይዘል ነበር። እግዜር ይቅር ይበለን።

ገና አለፈ፤ ሮማን በሰላም ወንድ ልጅ ወለደች። እትዬ አስካለ እልል ሲሉ እኔ የሕፃኑን ግንባር፣ ጀርባ፣ የእግሩን ጣቶች ሳይቀር መረመርኩ። «ምንም ባሕር የለበትም!» ብዬ ስጮህ ሐኪም ቤት ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ጥምቀት ካለፈ፣ ሮማንም ጠንከር ካለች በኋላ ግቢው እንደገና ይንሾካሾክ ጀመር። ብሩክ መርከቡ ቶሎ እንደማይመለስ ነግሯቸዋል። መርዶው ከዚህ በላይ ከቆየ ደግሞ ነውር ነው።

አንድ ጠዋት ጎህ ሲቀድ ግቢው በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ሐዘኑ ሲወድቅባት ራሷን መሬት ላይ እንዳትጥል ሁለት ጠንካራ ሴቶች ግራና ቀኝ እንዲይዟት ተመረጡ። እማዬ ሕፃኑን ከአልጋ አንሥታ እኔን አሳቀፈችኝ። ምን እንደሚሆን የነገረኝ የለም፤ ግን የተዘቀዘቀ ነጠላ ምን ማለት እንደሆነ የመካኒሳ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሰዎቹ ገብተው ሮማንን በረንዳው ላይ አቆሟት።

የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሮማን ልጄ... ሰው ነንና፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን። እናትሽ... ሞታለች።»

ሴቶቹ «ወይኔ!» ብለው አንድ ላይ ፈነዱ። ሁለቱ ጠንካራ ሴቶች ክንዷን ጭምድድ አድርገው ያዙ። ሮማን ግን አልተንቀሳቀሰችም። ልቅሶው እስኪበርድ ጠብቃ ግራ በገባው ድምፅ ተናገረች።

«አዎ። አውቃለሁ።»

ሁሉም ባለበት ደረቀ። አንዷ ሴትዮ ደረቷን ልትመታ ያነሣችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ኅዳር። ኮምፒውተር። ማሂ ጋር ሄድኩ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ታውቂ ነበር?» አለችኝ እማዬ። ጀልባው የተሰቀለባት ቤተ ክርስቲያን ገና አሁን ነበር ዓይኔ ላይ የመጣችው። ፊልም አልነበረም።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም ልጄ?» የእትዬ አስካለ ድምፅ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። «ለምን?»

ሮማን ሁላችንንም አየችን። እሷም ደንግጣለች። «እናንተ ታውቃላችሁ» አለች። «እኔ ቤት መጣሁ፣ ሁሉ ሰው ምግብ ያመጣል። እኛ አገር ሰው ሲሞት ጎረቤት ምግብ ያመጣል። ጓዳ ታለቅሳላችሁ፣ እሰማለሁ። እማማ ጾም ነው፣ የእናቴ ዓሣ በላህ። ብሩክ ስልክ አለቀሰ፣ ምንም አልተናገረም። እኔ አልኩ፣ አሃ፣ እዚህ አገር እናት ሲሞት እንዲህ ነው። ሁሉ ሰው ያውቃል፣ ማንም አይናገርም፣ ማንም ፊት አይለቀስም። እኔም አልተናገርኩም። አላለቀስኩም። ጥሩ ምራት ልሁን አልኩ።»

ብዙ ድንጋጤ አይቻለሁ፤ የዚያን ጠዋቱን የሚያህል ግን አላየሁም። ልቅሶ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም የምንል ሰዎች፣ ድንኳን ተክለን፣ አልቃሽ ጠርተን፣ ደረታችንን ደቅተን ካልቀበርን የቀበርን የማይመስለን ሰዎች፣ አንዲት ሴት እናቷን ያለ እንባ እንድትቀብር አስተምረናታል። ያውም በፍቅር። ጋሽ ሸምሱ ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቁጢጥ አሉ።

«ብቻሽን! ብቻሽን ልጄ!» አሉ እትዬ አስካለ መሬት ላይ ተዘርፍጠው።

«ብቻ አይደለም። ማሂ ነበረች። እኛ አገር ዘጠኝ ቀን ይጸለያል። ማሂ ጋር ጸለይን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ያንን የመጀመሪያውን መስመር አለችው። ሕፃኑን እንዳቀፍኩ፣ ሳላስበው፣ አፌ በራሱ ተቀበላት፤ «ኢፓናላንጊን ሞ ሲያ።»

«ምን ማለት ነው ይሄ ዘፈን?» አለች እማዬ።

«ዘፈን አይደለም» አለች ሮማን። «'ጸልይላት' ነው።»

የዘለልኩበት ሱዚ በሙሉ እግሬ ላይ የተጠመጠመ መሰለኝ።

እትዬ አስካለ ተነሡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ መንዝ ውስጥ እንደሚያለቅሱት ሊያለቅሱ፣ የዘገየውን ልቅሶ በአንዴ ሊከፍሉት። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ወይኔ እህቴ! ወይኔ የኔ ቢጤ! ወይኔ...» አሉና ቆሙ። ለቅሶ ስም ይፈልጋል። ሟች በስሟ ካልተጠራች ማን ተለቀሰ ይባላል? ወደ ዳኛው ዞሩ፤ ዳኛው ወደ እማዬ፣ እማዬ ወደ ጋሽ ሸምሱ። ያን ሁሉ ጊዜ አፋችንን ለጉመን የጠበቅነው ሞት የማን እንደሆነ አንድ ሰው አልጠየቀም ነበር። «የሮማን እናት» ነበረች፣ በቃ። ሮማን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ስሙ ግን አልወጣላትም።

«ሎሬታ» አልኩ እኔ። «ስሟ ሎሬታ ነው። መንገድ ዳር ዓሣ ትሸጣለች። ሰላም ሳይላት የሚያልፈውን ትሰድባለች። ደወል ሲደወል አትሮጥም፣ መጀመሪያ ዓሣዋን ትሰበስባለች።»

«ሎሬታዬ!» ብለው ጮኹ እትዬ አስካለ። «ሎሬታዬ! ዓሣሽን ማን ሰበሰበልሽ!»

«ሎሬታዬ!» አሉ ሴቶቹ ተቀብለው። «ሎሬታዬ!» አለች እማዬ።

ሮማን ያኔ ነው የወደቀችው። ሁለቱ ጠንካራ ሴቶች ሊይዟት አልቻሉም። ሊሾው ላይ፣ በደበዘዘው ጠመኔ ላይ፣ በባሕሩ መስመር ላይ ተደፍታ የእናቷን ስም ከእነሱ ጋር እየጮኸች አለቀሰች። ዋይታው አጥሩን አልፎ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች እየቆሙ በሩ ላይ የተቀመጡትን ጋሽ ሸምሱን ይጠይቁ ጀመር።

«ማን ነው የሞተው?» አላቸው አንዱ።

ጋሽ ሸምሱ ባሕር አይተው አያውቁም። እንባቸውን በኮፍያቸው ጠረጉና፣ ሁላችንም ስናውቃት እንደኖርን ሁሉ፣ «ሎሬታ ናት» አሉት፤ «ዓሣ ነጋዴዋ ሎሬታ።»